የእትዬ ሀፍሷ የማይቀደድ ልብስ

መርካቶ ሸራ ተራ ገብቶ «እትዬ ሀፍሷ የት ናቸው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አዲስ ደንበኛ መሆን አለበት። ነባሩማ ጆሮውን ቀስሮ ነው የሚሄደው። የጎረቤቶቻቸው የስፌት መኪና ይንጣጣል፤ የሳቸው ግን ያጉረመርማል። የጭነት መኪና ሸራ፣ የድንኳን ጣራ፣ የእህል መሸፈኛ፣ ምን አለፋችሁ፣ ተራ መርፌ የሚሰብር ነገር ሁሉ መርካቶ ውስጥ መጨረሻው እሳቸው ደጅ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «የሰፉልኝ ተተረተረ» ብሎ የተመለሰ ደንበኛ የለም። የለም ስል የለም ነው፤ አትከራከሩኝ።

ጋሼ አሸብር የሚባሉ የከባድ መኪና ሹፌር እንደሚያወሩት ከሆነ፣ በረሃ ላይ አውሎ ነፋስ ተነስቶ የመኪናቸውን የብረት ቅስት ሲያጣምም ሸራው ንቅንቅ አላለም። ጋሼ አሸብር ወሬ ላይ ጨመር ማድረግ እንደሚወዱ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ሸራው ግን ዛሬም መኪናው ላይ አለ፣ ያላመነ ሄዶ ማየት ይችላል።

ይህ ዝና ዝም ብሎ አልመጣም። እትዬ ሀፍሷ የሚጎትተውን ሳያዩ አይሰፉም። «ጨርቅ የሚቀደደው በሚጎተትበት ነው፤ የሚጎተትበትን ካላየሁ ምኑን ልስፋው?» ይላሉ። የጭነት መኪና ሸራ ከታዘዙ፣ በስድሳ ዓመታቸው ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው ጭነቱ ላይ ይወጣሉ። «ነፋሱ በየት በኩል ነው የሚመታህ? ገመዱን የት ጋ ነው የምትወጥረው?» እያሉ ሹፌሩን መውጫ ያሳጡታል። ሹፌሩ ቢነጫነጭ ደንታም የላቸው። «ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው!» ብለው ዝም ያሰኙታል።

ከስልጤ ገጠር በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ተድረው ነው መርካቶ የገቡት። ሙያውን ያስተማሯቸው ባለቤታቸው ሰላሃዲን ናቸው። ሰላሃዲን ያረፉ ጊዜ «ሴት ወይዘሮ ይህን ከባድ የስፌት መኪና ምን ታደርገዋለች» ብለው ሊገዙ የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። እትዬ ሀፍሷ ሻይ ጋብዘው፣ አመስግነው ሸኟቸው። በማግስቱ ጧት ሱቁን ከፍተው መኪናው ላይ ተቀመጡ። ያኔ የሳቁት ሰዎች ዛሬ ልጆቻቸውን ሙያ እንዲያስተምሩላቸው ይልኩላቸዋል።

ጓንጉል የሚባለው የጁዶ አሠልጣኝ ወደ ሱቃቸው ጎራ ያለው ይህን ሁሉ ሰምቶ ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለች አንዲት የወጣቶች አዳራሽ ውስጥ የሰፈር ልጆችን ያሠለጥናል። በእጁ አንድ ነጭ ጃኬት ይዞ ነበር፤ ከኮሌታው እስከ ብብቱ ተተርትሯል።

«ይሄን የሰፋልህ ሰው ጠላትህ ነው?» አሉት እትዬ ሀፍሷ ገልበጥ አድርገው አይተው።

«ኧረ ወዳጄ ነው እትዬ። የሙሽራ ልብስ የሚሰፋ ጎበዝ ልጅ ነው።»

«እና እናንተ ሙሽራ ናችሁ? ምን ስትሆኑ ተቀደደ?»

ጓንጉል ማስረዳት ጀመረ። ጁዶ ቡጢም ርግጫም የሌለበት ትግል መሆኑን፣ አንዱ ያንዱን ልብስ ጨብጦ ሚዛን አሳጥቶ እንደሚጥል፣ ተጋጣሚን በደንብ በጀርባው ካስተኙት «ኢፖን» ተብሎ ጨዋታው እዚያው እንደሚያበቃ እያለ ሲቀጥል፣ እትዬ ሀፍሷ በእጃቸው አስቆሙት።

«ወሬውን ተወውና ውሰደኝ» አሉ።

በማግስቱ ከሰዓት አዳራሹ በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ልጆቹ ሲጓተቱና ሲወድቁ አንድ ሰዓት ሙሉ አዩ። ከዚያ ብድግ ብለው ምንጣፉ ላይ ወጡና፣ እምነት የምትባለውን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ኮሌታ በሁለት እጃቸው ጨመደዱ።

«በይ ጣይኝ» አሏት።

«እትዬ! እንዴት አድርጌ ነው እርስዎን የምጥልዎት?»

«እንደማትጥዪኝማ አውቃለሁ! ግን ጎትቺ፣ እንደ ጠላትሽ ጎትቺኝ።»

ልጆቹ ሳቃቸውን አፍነው ከበቧቸው። እምነት እየፈራች ጎተተች። እትዬ ሀፍሷ ዓይናቸውን ጨፍነው ጨርቁ የቱ ጋ እንደሚጨነቅ በጣታቸው አዳመጡ፤ ትከሻው ላይ፣ ከኮሌታው ሥር፣ ብብቱ ላይ። «በቃ፣ ገብቶኛል» ብለው ለቀቋት። በሳምንቱ አንድ ጃኬት ሰፍተው ላኩ። ኮሌታው በአራት ረድፍ የተሰፋ፣ ብብቱ በሰያፍ የተደረበ ነበር። ጓንጉል ሁለት ግዙፍ ልጆች ጫፍና ጫፉን አስይዞ አስጎተተው። ልጆቹ በላብ ተጠምቀው ተዉት፤ ጃኬቱ እንደነበረ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የክለቡ ልብስ ሰፊ እትዬ ሀፍሷ ሆኑ፤ ልጆቹም ጠፍተው ሲከርሙ ደውለው የሚቆጧቸው እሳቸው ሆኑ።

ዘንድሮ ታላቁ ወሬ መጣ። ዓለም አቀፍ የጁዶ ሻምፒዮና፣ በወንዶችም በሴቶችም፣ እዚሁ አዲስ አበባ ሊካሄድ ነው ተባለ። ከዘጠኝ አገር ተወዳዳሪ ይመጣል። ከጓንጉል ክለብ ሁለት ልጆች ተመረጡ፤ ከወንዶች በዘጠና ኪሎ ማሙሸት፣ ከሴቶች በሃምሳ ሁለት ኪሎ እምነት። ተወዳዳሪ ሁሉ ሁለት ልብስ ሊኖረው ግድ ነው፤ አንድ ነጭ፣ አንድ ሰማያዊ። አንደኛው ነጭ ሲለብስ ሌላኛው ሰማያዊ ይለብሳል፣ ተራው ግን አስቀድሞ አይታወቅም። ከውጭ ይመጣል የተባለው ልብስ በቀኑ አልደረሰም። ጓንጉል ታዲያ የት እንደሮጠ መናገር ያስፈልጋል?

እትዬ ሀፍሷ የሚፈልጉትን ወፍራም ጥጥ ለማግኘት ሦስት ቀን መርካቶን አሰሱ። የሻጩን ጨርቅ በጥርሳቸው ነክሰው፣ በጥፍራቸው ፍቀው፣ «ይሄ ለመጋረጃ ነው፣ ቀልድህን ተው» እያሉ ስንቱን ሱቅ አስኮረፉ። ያገኙትን ደግሞ ሳይቆርጡ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉት፤ ከተሰፋ በኋላ የሚያጥር ጨርቅ ለሳቸው ውርደት ነው። የሰማያዊው ቀለም ውሃ በደጃፋቸው ሲፈስ ጎረቤቶች «እትዬ፣ ባሕር አመጡልን እንዴ?» እያሉ ቀለዱባቸው።

ጉዱ የመጣው ከእምነት እናት በኩል ነው።

ሰብለ ወንጌል ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር የፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጥ፣ ትውልዷ ጎጃም፣ ምላሷ የተባ፣ አንድ ልጇን ያለ አባት ያሳደገች ሴት ናት። ልጇ ልምምድ ስትሄድ «ስፖርት ነው» ተብላ ዓመት ሙሉ ዝም ብላ ነበር። አንድ ቀን ግን ስልክ ላይ ቪዲዮ አሳዩዋት። ልጇ ትታገላለች፣ ጃኬቱ ተከፍቶ ወዲያና ወዲህ ይውለበለባል፣ ዙሪያውን ወንዶች ቆመው ይጮኻሉ። ሰብለ ዕቃዋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ በቀጥታ ሸራ ተራ መጣች።

«እትዬ ሀፍሷ፣ እርስዎም እንደኔው የሴት ልጅ እናት ነዎት። ይሄን እያወቁ ነው የሚሰፉላት?»

«ከሥር ካናቴራ ለብሳለች እኮ ሰብለ።»

«ካናቴራም ልብስ ሆነና? ደረቷን ከፍታ በሰው ፊት ስትንከባለል ዘመድ ቢያይ ምን ይላል? እስከዛሬስ እዚያች አዳራሽ ውስጥ ነው፤ አሁን ጭራሽ በቴሌቪዥን! ተክልዬን፣ አትሄድም። ቁርጥ ነው።»

እትዬ ሀፍሷ የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። እምነት ልትለካ የመጣች ዕለት ያለቻቸው ነገር ትዝ አላቸው። «እትዬ፣ ይህችን አንድ ጊዜ ብቻ ልጫወት፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኬን ፕላስቲክ ልሽጥ» ነበር ያለችው፤ አንጀታቸውን በልታው ነበር። ሰብለንም ደግሞ ይረዷታል። የራሳቸውን ሁለት ሴቶች ልጆች ያሳደጉት እዚሁ ነው፤ የሰው አፍ ምን እንደሚሠራ ያውቃሉ።

«ስሚኝማ» አሏት። «ጃኬቱ ባይከፈትስ?»

«እንዴት ሆኖ ነው የማይከፈተው?»

«እኔ ሰፍቼው ይከፈታል? ወላሂ አይከፈትም፤ ቃሌን ሰጥቼሻለሁ። ልጅሽን ልቀቂያት፣ አንቺም አብረሽኝ መጥተሽ እይ።»

የእትዬ ሀፍሷ ቃል መርካቶ ውስጥ ከፊርማ ይበልጣል። «እንግዲህ እርስዎ ካሉ» ብላ ሰብለ ሄደች።

እትዬ ሀፍሷም በነጩም በሰማያዊውም የእምነት ጃኬት ውስጥ፣ ደረቱ ላይ፣ ጠቅ ብሎ የሚገጥም የብረት ቁልፍ በመዶሻ መቱበት። የመኪና ሸራ የሚያያዝበት ዓይነት ነው። ከውጭ አይታይም። ገጥመው በሁለት እጃቸው ቢጎትቱት ፍንክች አላለም። ለጓንጉል አልነገሩትም። የእናትና የልጅ ጉዳይ ነው፣ ወንድ እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ ያደርገዋል? እምነትም አይታው ዝም አለች፤ እናቷ የፈቀደችው በዚህ መሆኑ ገብቷታል። በውድድሩ ዋዜማ ጓንጉል ልብሱን ሲረከብ የእጅጌውን ርዝመት ለካ፣ የኮሌታውን ውፍረት ለካ፣ «እጅዎን ይባርከው እትዬ» ብሎ ይዞ ሄደ። ውስጡን ገልጦ አላየም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄኔ ነው።

በማግስቱ ሁለቱ ሴቶች ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ተገናኝተው በአንድ ታክሲ ሄዱ። እትዬ ሀፍሷ ለኢድ የሚያወጡትን ቀሚስ ለብሰዋል። በር ላይ ፈታሿ ከቦርሳቸው መቀስ አወጣችና «እማማ፣ ይሄ አይገባም» አለች። «ልጄ፣ እኔ ያለ መቀስ ከቤት ወጥቼ አላውቅም» ቢሏትም አልሰማቻቸውም። ሻሻቸው ላይ የሰኩትን መርፌና ኪሳቸው ውስጥ የጠቀለሉትን ሲባጎ ግን ልብ አላለችውም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። የዘጠኝ አገር ባንዲራ ተሰቅሏል፣ ካሜራው እዚህም እዚያም ቆሟል። ማሙሸት ቀድሞ ገባ። ተጋጣሚው ትከሻው በር የሚሞላ ሰውዬ ነበር፤ ኮሌታውን ጨብጦ እንደ ጆንያ ሲያራግፈው ሰው ሁሉ «በርታ ማሙሸት!» ይላል። የእትዬ ሀፍሷ ዓይን ግን የልጁ ብብት ላይ ነው። ማሙሸት ተሸነፈ። ልብሱ አልተሸነፈም። እትዬ ሀፍሷ ሳያስቡት «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ጮኹና፣ ሰው ዞሮ ሲያያቸው አፈሩ።

የእምነት ተራ ሲቃረብ ጓንጉል ደረጃውን በሩጫ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ነጩን የእምነት ጃኬት በእጁ ይዟል፣ ሰማያዊው ክንዱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እትዬ፣ ምን ጉድ ነው ይሄ?» አለ ቁልፉን ገልጦ። «የልብስ ተቆጣጣሪዋ እጇን ብትሰድ ብረት አገኘች! ጁዶ ላይ ብረት ክልክል ነው፣ ሰው ይጎዳል። ሰማያዊውም ያው ነው። በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ አስተካክላ ካልቀረበች ሳትጫወት ተሸነፈች!»

«የማሙሸትን ብታለብሳትስ?»

«ኧረ እትዬ! የማሙሸት እጅጌ እኮ ጉልበቷ ጋ ነው የሚደርሰው!»

ጭነት ላይ ወጥተው ነፋሱን የሚጠይቁት ሴትዮ፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጎትተው ሳይሆን ለሚያየው ሰው ሰፉ፤ ይኸው ውጤቱ። «ሱብሃነላህ፣ ምን ዓይነት እጅ ነው የሰጠኸኝ!» አሉ። ከዚያ ግን መርፌያቸውን ከሻሻቸው ነቅለው አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ሰብለ ዞሩ።

«ሰብለ፣ ቃል ሰጥቼሽ ነበር» አሏት። «ይሄን ቁልፍ ከነቀልኩት ጃኬቱ ይከፈታል፣ ሕዝቡም ያያል። ካልነቀልኩት ልጅሽ ከበሩ ትመለሳለች። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የሱም የልጅሽም አይደለም። እናቷ አንቺ ነሽ፤ ንቀይው ካላልሽኝ አልነካውም።»

«እትዬ፣ ሰዓቱ!» አለ ጓንጉል።

«ዝም በል አንተ! እናቷን ነው የጠየቅሁት።»

ሰብለ ቁልቁል ተመለከተች። እምነት ምንጣፉ ዳር በካናቴራና በሱሪ ብቻ፣ ክንዷን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆማለች። አጠገቧ ተጋጣሚዋ ሰማያዊዋን ለብሳ ትዘላለች፣ ትንጠራራለች። እምነት ቀና ብላ እናቷን አላየችም። መሬት መሬቱን ታያለች፣ ከንፈሯን ነክሳለች። ሰብለ ልጇን እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም። የገበያ ደላላ ሲሰድባት እንኳ መልስ የማታጣ ልጅ ናት።

«ይንቀሉት» አለች ሰብለ።

ማለቱ ቀላል ነው፤ እትዬ ሀፍሷ የመቱት ግን መች ይነቀላል! መቀሱ በር ላይ ቀርቷል። የአንድ ብር ሳንቲም ከቦርሳቸው አውጥተው ከቁልፉ ሥር አስገቡና መፈልቀቅ ጀመሩ። «ማነው እንዲህ አድርጎ የመታው? እጁ ይቆረጥ!» እያሉ ራሳቸውን ይረግማሉ። ጓንጉል ከራስጌያቸው ቆሞ «አሥር ደቂቃ... ዘጠኝ...» ሲል «አትቁጠርብኝ አልኩህ!» ብለው አምባረቁበት። የቁልፉ አንዱ ወገን ወለቀ፣ ሌላውም ተከተለ። ሁለቱም ሽንብራ ሽንብራ የሚያክል ቀዳዳ ትተው ሄዱ። የተቀደደ ልብስ ደግሞ አያስገባም።

«ሰብለ፣ ወጥረሽ ያዢልኝ።»

ሰብለ ያዘች። እትዬ ሀፍሷ ሲባጎውን መርፌው ውስጥ አስገብተው፣ አንዴ ቁልቁል፣ አንዴ አግድም እየሰደዱ ቀዳዳውን ዘጉት። አንዱን ጨረሱ። ሁለተኛውን ሲጨርሱ ሰብለ ጎንበስ ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችላቸው። ጓንጉል ሰማያዊውን ጉልበታቸው ላይ ጥሎ፣ ነጩን መንጭቆ ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ ወረደ።

ተቆጣጣሪዋ እጇን እንደገና ሰደደች። ጣቷ ውታፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። አንዴ ጎተተችው፣ ደግማ ጎተተችው። ሴትዮዋ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ እምነትን በእጇ «ግቢ» አለቻት።

ተጋጣሚዋ ቁመቷ ከእምነት በአንድ ጭንቅላት ይበልጣል። እንደተያያዙ ነጩን ኮሌታ በሁለት እጇ አፈሰችው። አሥር ሰከንድ እንኳ አልሞላም፣ ጃኬቱ ብርግድ ብሎ ተከፈተ፣ ወዲያና ወዲህ ተውለበለበ። ካሜራው ልክ እዚያው ላይ ነው። እትዬ ሀፍሷ ወደ ሰብለ መዞር ፈሩ። ተጋጣሚዋ ጎተተች፣ ቀዳዳውን የዘጋው ክር ተወጠረ፤ አልተበጠሰም። ያቺ ረዥሟ ሙሉ ክብደቷን ኮሌታው ላይ ጥላ ወደ ኋላ ሳበች።

ያኔ አንድ ድምፅ ከጎናቸው አደነቆራቸው።

«አትልቀቂያት! ግቢባት! ከሥር ግቢባት የኔ አንበሳ!»

ሰብለ ወንጌል ወንበሯ ላይ ቆማለች። ነጠላዋ ወድቆ ከእግሯ ሥር ተረግጧል፣ ፀጉሯ ተበትኗል፣ ክንዷን እያወናጨፈች ትጮኻለች። እምነት ከሥር ገባች። ጀርባዋን ሰጥታ ጎንበስ አለችና ያቺን ረዥም በወገቧ ላይ አዙራ ምንጣፉ ላይ አነጠፈቻት። ዳኛው እጁን ወደ ሰማይ ሰቀለ። ኢፖን! አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እምነት ጃኬቷን እንኳ ሳትሰበስብ ቀና ብላ እናቷን ፈለገች፣ አገኘቻትም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ማልቀስ ጀመሩ።

ጓንጉል ከታች አፉን በእጁ ከቦ ጮኸ። «እትዬ! ቀጣዩ ጨዋታ ላይ ሰማያዊ ነው የምትለብሰው! ግማሽ ሰዓት አለን!»

እትዬ ሀፍሷ ጉልበታቸው ላይ ወዳለው ሰማያዊ ጃኬት እጃቸውን ሰደዱ። ሰብለ ግን ቀደመቻቸው። ከወንበሩ ወርዳ ጃኬቱን ሳበች፣ ሳንቲሙን ከእጃቸው ወሰደች፣ እንባዋን በክንዷ ጠራርጋ ውስጡን ገለጠች።

«እትዬ፣ ይሄኛውንስ እኔ ልንቀለው» አለች።

እትዬ ሀፍሷ ጃኬቱን በሁለት እጃቸው ወጥረው ያዙላት።